ኩፖኑን አልፈረምሁም

ለገና ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የተሳፈርንበት አውሮፕላን ቦሌ የደረሰው ከሰባት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነው። ምክንያቱ የቴክኒክ ብልሽት እንደሆነ ነገሩን። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ሌሊቱን በብረት ወንበር ላይ አሳለፈች፤ ውሃ እንኳ ያቀረበልን አልነበረም።

ወደ ጀርመን ስመለስ ለአየር መንገዱ ጻፍሁ። መልሱ በትሕትና የተሞላ ነበር፦ መዘግየቱ «በልዩ ሁኔታ» የደረሰ ስለሆነ ካሳ የለም፤ ነገር ግን ፈርመን ከላክን ለእያንዳንዳችን የ100 ዩሮ የጉዞ ኩፖን ይሰጠናል። እናቴ በስልክ «ተዪው ልጄ፣ በሰላም ገብተናል፤ ከትልቅ ድርጅት ጋር ምን ያጋጭሻል?» አለችኝ። እኔ ግን አልተውሁም።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ከኅብረቱ አገሮች የሚነሣን በረራ ሁሉ ይገዛል፤ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን። ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ጉዞ ከአራት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ለደረሰ መንገደኛ 600 ዩሮ ይገባዋል፤ ለእናቴም ለእኔም፣ ለየራሳችን። ካሳው በኩፖን የሚተካው መንገደኛው በፊርማው ሲስማማ ብቻ ነው። ፊርማችንን የፈለጉት ለዚህ ነበር! የአውሮፓ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 በአየር መንገድ የዘወትር ሥራ ውስጥ የሚያጋጥም የቴክኒክ ብልሽት «ልዩ ሁኔታ» እንደማይባል ወስኗል።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ አጭር ነበር፤ የእናቴን ጉልበት አላነሣሁበትም። የበረራ ቁጥሩን፣ የደንቡን አንቀጽ 7 እና ውሳኔውን ጠቅሼ፣ የተበላሸው ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስረዱኝ ጠየቅሁ። የማስረዳቱ ሸክም የእነርሱ ነውና። ዝም አሉ።

በጀርመን አየር መንገዱ በሁለት ወር ውስጥ መልስ ካልሰጠ ጉዳዩን ወደ ገላጋይ ተቋም መውሰድ ይቻላል፤ መንገደኛው አይከፍልም። አየር መንገዱ የግል ገላጋይ ተቋም አባል ካልሆነ ቦን የሚገኘው የፌዴራል ፍትሕ መሥሪያ ቤት ያየዋል። ብራውንሽቫይግ ያለው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይቀበላል እንጂ ለግለሰብ ገንዘብ አያስከፍልም፤ እዚያ ደጅ ስትጠኑ ወራት እንዳያልፉባችሁ።

እናቴ ውክልና ፈርማ ላከችልኝ። ገላጋዩ ለሁለታችንም ሙሉው እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ፤ ተከፈለን።

በጀርመን ይህን ካሳ የመጠየቅ መብት በረራው ከነበረበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ለሦስት ዓመት ይቆያል። ካቻምና ለፋሲካ ስትሄድ በረራዋ ዘግይቶ ያደረችው ጎረቤቴ ደብዳቤዋን አሁን እየጻፈች ነው።