ለደሴዋ እህት በሻንጣ የሚላክ ልቦለድ

ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር ከሽቶውና ከጫማው ጎን የእንግሊዝኛ መንፈሳዊ የፍቅር ልቦለድ የምትከቱ ብዙ ናችሁ። መጽሐፉ ግን ሳይነበብ ቡፌ ላይ አቧራ ይጠጣል። ጥፋቱ የእህት አይደለም፤ ላኪው ሽፋን አይቶ ገዝቶ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ መሸጫ በርካሽ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የተከታታይ ልቦለድ መሀል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ስንተኛ ክፍል እንደሆነ እዩ።

መነሻው የካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ» ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ፣ የ8 መጻሕፍት መጀመሪያ። ነፍሰ ጡሯ ማርቲ ባሏን ቀብራ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ለትንሿ ልጁ እናት የሚፈልገውን ክላርክን ታገባለች። ከፓንኬክ በቀር ምግብ አታውቅም፤ ጠዋትም ማታም ፓንኬክ። ሙያ በሚቆጠርበት የወሎ ቤት ይህ ብቻውን ያስቃል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ንግግሩ ላይ ግን የባላገር አነጋገር አለበት። «ኖዊንግ» የሚለው «አኖዊን» ሆኖ ይመጣል፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጋ ታጣዋለች። እንዲህ ያሉትን ቃላት ከነፍቺያቸው የውስጥ ሽፋኑ ላይ ጻፉላት።

የፍራንሲን ሪቨርስ «ሪዲሚንግ ላቭ» የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወደ ካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ያመጣ ነው። ድንቅ ነው፤ ግን በሕፃንነቷ ለዝሙት የተሸጠች ሴት ታሪክ ስለሆነ ለአሥራዎቹ ልጅ አይላክም። እ.ኤ.አ. የ1991 እትም ከ1997ቱ ይልቅ ወሲብን በግልጽ የሚያሳዩ ቦታዎች አሉትና፣ አሮጌ ቅጂ ከሆነ የኅትመት ዓመቱን ተመልከቱ።

ሌላው የሚረሳው፦ አብዛኞቹ ደራስያን ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ንስሐ አባት የለም፣ ጾም የለም፣ ዝክር የለም። ለኦርቶዶክሷ እህት ይህን አስቀድሞ መንገር ይሻላል፤ አለዚያ «ይሄ የእኛ አይደለም» ብላ በሁለተኛው ምዕራፍ ትዘጋዋለች። ለእሷ የሚስማማው የቴሳ አፍሻር «ፐርል ኢን ዘ ሳንድ» ነው፤ የኢያሪኮዋ ረዓብ ታሪክ፣ ከመጽሐፈ ኢያሱ የምታውቀው። አፍሻር ራሷ ከኢራን የሙስሊም ቤተሰብ ወጥታ በእንግሊዝ አድርጋ አሜሪካ የገባች ስደተኛ ናት፤ በባዕድ ሕዝብ መሀል ገብታ የምትኖረውን ሴት ስትጽፍ ይህ ያስታውቃል።

ቀጫጭን ለስላሳ ሽፋን 5 መጻሕፍት 2 ኪሎ ገደማ ቢሆኑ ነው፤ ተሸካሚ አያስከፋም። ጠንካራ ሽፋን አትግዙ። የተቃቀፉ ጥንዶች ያሉበት ሽፋን ቡና ላይ ዓይን ስለሚስብ እንደ ደብተር በጋዜጣ ይሸፈን። ደግሞ ክፍል 1ን ሁለት ቅጂ ላኩ፤ አንዱ ለጎረቤት በውሰት ከሄደ አይመለስም።