«አዎ ልጄ፣ ይሰማኛል»

ይሄን ነገር ለመጻፍ ሳስብ ዓመት አለፈኝ። ስልጠና በሰጠሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የስኳር ሕመምተኞችን እግር እንዴት እንደሚመረምሩ ነርሶችን ለሁለት ቀን ላሰለጥን ሄጄ ነበር። ክትትል ክፍል የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሰውየው ይመጣል፣ ስኳሩ ይለካል፣ ግፊቱ ይለካል፣ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል። ጫማው አይወልቅም። እግራቸው ጠቁሮ ለቀዶ ሕክምና የመጡ ሰዎችን ካርድ ገልጬ አይቻለሁ። በየወሩ መጥተዋል፣ ስለ እግራቸው ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። እሱ ነው ወደዚህ ሥራ የገፋኝ።

ከነርሶቹ ጋር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። ስሟ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። አስተባባሪው «ይሄ ለናንተ አይደለም» አላት። እኔ ለምኜው ከኋላ ተቀመጠች። አበል እንደማይታሰብላት ግን እዚያው ሰው ፊት ተነገራት። ዝም ብላ ደብተሯን አወጣች።

የመጀመሪያው ቀን ስላይድ ነበር። የ10 ግራሙን ሞኖፊላመንት (እግር ስሜት እንዳለው የሚፈተሽበት ቀጭን የናይለን ክር) ቀጥ አድርጎ ክሩ እስኪጎብጥ መጫን፣ የደደረ ቆዳ ላይ አለማሳረፍ፣ ዓይን ማስጨፈን፣ የእግር ትርታ መዳሰስ፣ በጣቶች መሃል ማየት። ሁሉም ጥሩ ያዙ።

በማግስቱ ልምምድ ሆነ። ስኳር ከያዛቸው 11 ዓመት የሆናቸው አንድ አባት ገቡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ኮንጎ ጫማ በወፍራም ካልሲ። የቀኙን ጫማና ካልሲ አውልቀው እግራቸውን ሰጡን። ነርሱ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዓይናቸውን አስጨፍኖ ክሩን ከአውራ ጣታቸው ሥር አሳረፈ።

«ይሰማዎታል አባባ?»

«አዎ ልጄ፣ ይሰማኛል።»

«እዚህስ?»

«አዎ፣ ተመስገን።»

«እዚህስ?»

«ይሰማኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ነርሱ ቅጹ ላይ «ደህና» ብሎ ሞላ። እኔም ጎሽ አልኩት።

ያቺ ልጅ እጇን አወጣች። «ሲስተር፣ አንዴ ልሞክር?» ክሩን ተቀብላ በርከክ አለች። እሳቸው አሁንም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ክሩን ቆዳቸው ላይ ሳታሳርፍ፣ አየር ላይ እንደያዘችው፣ «አሁንስ አባባ? ይሰማዎታል?» አለቻቸው።

«አዎ ልጄ፣ በደንብ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ፊቴ ጋለ። ሳይነኩ መጠየቅ እኮ መመሪያው ላይ ያለ ነገር ነው። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፣ ቢያንስ አንዱ ሳይነኩ ነው፣ ከሦስቱ ሁለቱን በትክክል ከመለሰ ነው ስሜቱ አለ የሚባለው። ሰዓት አጠረኝ ብዬ የዘለልኩት ስላይድ ነበር። ከየት እንዳወቀችው በኋላ ስጠይቃት «አላወቅኩም ሲስተር፤ የሰፈሬ ሰው ናቸው፣ ጤና ባለሙያ ለጠየቃቸው ነገር እምቢ አይሉም ብዬ ነው» አለችኝ።

ቀጥላ «የግራውንም እንየው» አለች። «እሱ ደህና ነው፣ ተይው» ብለው እግራቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡ። አልተወችውም። ካልሲው ተጣብቆ ነበር። በሳላይን እያራሰች ቀስ ብላ አላቀቀችው። ከትንሿ ጣት አጠገብ ውሃ ቋጥሮ የፈነዳ ቁስል አለ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል፣ ዳር ዳሩ ነጭ፣ መሃሉ ቀይ። ማታ ማታ ለብርዱ እግራቸውን ከሰል ምድጃ አጠገብ ዘርግተው ይቀመጣሉ። እሳቱ ሲያገኛቸው አልተሰማቸውም። ካልሲው ሲቃጠል ሸቷቸው የጮሁት ባለቤታቸው ናቸው።

«ለምን አልነገሩንም?» አላቸው ነርሱ።

«አላመመኝም እኮ ልጄ።»

ስኳር ነርቩን ከጎዳው በኋላ ሰው በቁስል ላይ ይራመዳል፣ ሚስማር ረግጦ ቤቱ ይገባል። እስኪያመው ከጠበቅነው እግሩን ቆርጠን እንሸኘዋለን። የእሳቸው ቁስል ግን ገና ላይ ላዩን ነበር። እዚያው ታጠበ፣ ተሸፈነ። ልጅቷ ቤታቸው እየሄደች በየሁለት ቀኑ አየችው። ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶ ዳነ።

ሪፖርቱ ሲወጣ «14 ነርሶች ሰልጥነዋል» ይላል። እሷ የለችበትም። ሰርተፊኬት እንዲሰጣት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ «ዝርዝሩ ተዘግቷል» ተባልኩ። በጣም አናዶኛል፣ አሁንም ያናድደኛል። ቀበሌ ውስጥ የየሰዉን ምድጃ የምታውቀው እሷ ናት። ሞኖፊላመንቱ እንኳ ባይኖራት በጣቷ ልትሠራው ትችላለች። በእንግሊዟ ኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያወጡት ቀላል ዘዴ አለ፦ ዓይን አስጨፍኖ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መሃል ጣትና ትንሿን ጣት በጣት ጫፍ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ቀስ ብሎ መንካት። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነው። ለሌላ ጊዜ አላሳድርም ብዬ የነርሶቹን ሰዓት ቀንሼ ይሄን በዚያው ቀን ከሰዓት አሳየኋት።

አሁን ስልጠና ስጀምር ፕሮጀክተሩን አላበራም። ሰልጣኞቹን አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ፣ ጫማና ካልሲ አስወልቃለሁ፣ ዓይናቸውን አስጨፍናለሁ። ከዚያ ምንም ሳልነካ «ይሰማሻል?» «ይሰማሃል?» እላለሁ። ሁልጊዜ አንድ ሁለቱ «አዎ ሲስተር» ይላሉ።