ፖሰም በሁለት ዓመቷ ለምን ታረጃለች?

እዚህ ጆርጂያ የምትኖሩ ሀበሾች ፖሰምን ሳታውቋት አትቀሩም፣ ማታ ከሥራ ስትገቡ ትራሽ ካኑ ጋ የመኪና መብራት ሲያርፍባት ዓይኗ ብልጭ የሚለው፣ ፊቷ ነጣ ያለ፣ ጅራቷ ፀጉር የሌለው፣ ድመት የምታክለው እንስሳ ናት። እኛ ሰፈር «ትልቋ አይጥ» ነው የሚሏት፣ ግን ከአይጥ ጋር አትገናኝም፣ ወገኖቿ እነ ካንጋሮ ናቸው፣ ልጇን ሆዷ ላይ ባለ ኪስ ነው የምታሳድገው፣ ከሜክሲኮ ወደ ሰሜን ደግሞ እንደዚህ ዓይነት እንስሳ ከሷ ሌላ የለም። እርግዝናዋ ሁለት ሳምንት እንኳን አይሞላም። ልጆቹ ሲወለዱ ዓይናቸው ሳይከፈት የናታቸውን ፀጉር እየጨበጡ በራሳቸው ጉልበት ወደ ኪሱ ይዳኻሉ፣ እዛ ያለው ጡት ብዙውን ጊዜ 13 ነው፣ የሚወለዱት ግን ከዛ ሊበልጡ ይችላሉ፣ ዘግይቶ የደረሰ ጡት ካላገኘ በቃ አለቀለት።

እኔን የገረመኝ ግን እድሜዋ ነው። ድመት ቤት ውስጥ ከተያዘች 15 ዓመት ትኖራለች፣ ድመት የምታክለው ፖሰም ግን ጫካ ውስጥ ሁለት ዓመት ካለፈች ባልቴት ነች። መኪና ስለሚገጫት ነው እንዳትሉ፣ መኪናውማ አለ፣ ግን ሰው ወስዶ ምግብም ሐኪምም አቅርቦላት እንኳን አራት ዓመት መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ዓመት ተኩል አካባቢ ዓይኗን ሞራ ይጀምራታል፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ጡንቻዋ ይሟሽሻል፣ አካሄዷ ይወላገዳል። ሰው በ80 ዓመት የሚደርስበት ነገር እሷ ላይ በወራት ውስጥ ተጠቃሎ ይመጣል።

ይሄን ነገር በደንብ ያስተዋለው ስቲቨን ኦስታድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሰውዬው ሳይንቲስት ከመሆኑ በፊት ሆሊዉድ ለፊልም የሚሠሩ አንበሶችን የሚያሠለጥን ነበር (እውነት ነው)። በኋላ ቬኔዙዌላ ሄዶ እዛ ያሉትን ፖሰሞች እያጠመደ፣ አንገታቸው ላይ ሬዲዮ እያሰረ ይለቃቸው ነበር፣ ጥናቱ ስለ እርጅና አልነበረም፣ ስለ አወላለዳቸው ነበር። ታዲያ አንዷን ዛሬ ጎረምሳ የመሰለች፣ ልትነክሰው የምትታገል አድርጎ ይለቃታል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያቺኑ መልሶ ሲይዛት ዓይኗ ጭጋግ ለብሶ፣ ከስታ፣ እየተንገዳገደች ያገኛታል። አንድ ሁለቷ ብቻ ብትሆን በሽታ ነው ብሎ ያልፍ ነበር፣ ሁሉም እንደዛ ሆኑበት። ሰውዬው ከዛ በኋላ ቀሪ ሕይወቱን እርጅና ላይ ነው ያሳለፈው ማለት ይቻላል።

እኛ አብዛኞቻችን እርጅናን የምናስበው እንደ መኪና ነው አይደል፣ «ማይሉ በዝቷል» እንባባላለን፣ አካል ሲሠራ ኖሮ ኖሮ ያልቃል ብለን። ነገሩ እንደዛ ቢሆን ኖሮ ድመትም ፖሰምም ቢያንስ ተቀራራቢ ማይል ሊሄዱ ይገባ ነበር፣ ሥጋው ሥጋ ነው፣ ደሙም ደም ነው። ደግሞ መኪና ራሱን አይጠግንም፣ አካል ግን ቆዳ ሲቀደድ ይሰፋል፣ አጥንት ሲሰበር ይገጥማል፣ ጂን ውስጥ ያለ ስህተት እንኳን ይታረማል። ስለዚህ ጥያቄው መጠገን ይችላል ወይ አይደለም፣ መጠገኑ ለማን ይጠቅማል ነው፣ ምክንያቱም ጥገና ጉልበት ይበላል፣ ያ ጉልበት ደግሞ ልጅ ሊወለድበት ይችል ነበር።

ፒተር መዳዋር የሚባል እንግሊዛዊ በ1952 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያሳተመው ሐሳብ አለ፣ በፖሰም ላስረዳችሁ። በጫካ ከሚኖሩት ፖሰሞች አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይበላሉ እንበል። አሁን በዓመት ከስምንት ወር ላይ ዓይን የሚያሳውር ጂን ይዛ የተወለደች አንዲት ፖሰም ብትኖር ማን ይቀጣታል? እሷ እስከዛ ወልዳ አሳድጋ ጨርሳለች፣ ጂኑን ለልጆቿ አውርሳለች፣ ብዙዎቹ እህቶቿም ጂኑ ኖራቸው አልኖራቸው እዛ እድሜ ሳይደርሱ ጉጉት ሆድ ገብተዋል። ስለዚህ ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም ለመኖርና ለመውለድ የማይመቸውን ጂን እያጣራ የሚያስቀረው የተፈጥሮ ወንፊት፣ ያንን ጂን አያየውም፣ ዝም ብሎ ትውልድ ላይ ትውልድ ይከማቻል። በ1957 ደግሞ ጆርጅ ዊልያምስ የሚባል አሜሪካዊ ከዚህ የባሰውን ጨመረበት፣ በወጣትነት የሚጠቅም በእርጅና የሚጎዳ ጂን ካለ ተፈጥሮ ዓይቶ የሚያልፈው ሳይሆን ጭራሽ የሚሸልመው ነው አለ፣ ዛሬ ስምንት ልጅ የሚያሳድግ ጂን ነገ ኩላሊት ቢያበላሽ ማን ግድ ይሰጠዋል።

ኢቮሉሽን የሚል ነገር ስትሰሙ ፊታችሁን የምታጠቁሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እስቲ ትንሽ ታገሱኝ፣ የሚቀጥለው ወሬ ሳይሆን በዓይን የታየ ነገር ነው።

ሐሳቡ እውነት ከሆነ አንድ ነገር መከተል አለበት። አዳኝ የሌለበት ቦታ ለብዙ ሺህ ዓመት የኖሩ ፖሰሞች ቀስ ብለው ማርጀት አለባቸው። ኦስታድ እንዲህ ያለ ቦታ ሲፈልግ ያገኘው የት መሰላችሁ፣ እዚሁ ጆርጂያ! ሳፔሎ ደሴት ይባላል፣ ከሳቫና ወደ ደቡብ ስትወርዱ ባሕሩ ዳር ነው፣ ድልድይ የለውም፣ በጀልባ ብቻ ነው የሚገባው፣ እዛ ነዋሪ የሆነ ጋባዥ ወይም አስጎብኚ ከሌላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ አትገቡም። በባርነት የመጡት አፍሪካውያን ዘሮች፣ ጊቺ የሚባሉት፣ ሆግ ሃሞክ የምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ እስከዛሬ ይኖራሉ፣ ስለነሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ደሴቱ ከዋናው መሬት ከተለየ 4,000 ወይም 5,000 ዓመት ቢሆነው ነው። ፖሰም አለበት፣ ፑማ፣ ቀበሮና ቦብካት ግን የለበትም።

ለማወዳደሪያ ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሳቫና ሪቨር የሚባለውን ሰፊ የመንግሥት ግቢ መረጠ፣ ለኒውክሌር ቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ይመረትበት የነበረ ቦታ ነው፣ ዙሪያው ሰው የማይደርስበት ጫካ ስለሆነ አውሬው እንደልቡ ነው። ሁለቱም ቦታ እንስቶቹን እያጠመደ ሬዲዮ አሰረላቸውና ማን መቼ እንደሞተ፣ ምን እንደገደለው፣ ስንት እንደወለደ ተከታተለ። ዋናው መሬት ላይ ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የጨረሳቸው አዳኝ ነው።

ውጤቱን በ1993 አወጣው። የደሴቱ ፖሰሞች በአማካይ 25 ፐርሰንት ያህል ረዘም ያለ ኖሩ፣ ረጅም እድሜ ያገኙት ደግሞ ከዋናው መሬት ረጅም ዕድሜ ካገኙት በ45 ፐርሰንት በለጡ። አሁን እዚህ ጋ «እንዴ ታዲያ፣ የሚበላቸው ከሌለ ረጅም መኖራቸው ምን ይገርማል» የሚል አለ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነበር። ለዛ ነው ሰውዬው የሞት ቁጥር ብቻ ይዞ ያልመጣው። አንደኛ፣ የደሴቱ ፖሰሞች ባንዴ የሚወልዱት ያንሳል፣ ስድስት የማይሞላ፣ የዋናው መሬቶቹ ሰባት ተኩል ገደማ፣ ማለትም አይቸኩሉም። ሁለተኛ፣ ዋናው መሬት ላይ በሁለተኛ ዓመቷ የምትወልድ እናት ልጆቿ እድገታቸው ይጓተታል፣ ደሴቱ ላይ ግን ሁለተኛ ዓመቷም እንደ መጀመሪያው ነው።

ሦስተኛው የጅራቷ ነገር ነው፣ እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ጅራት ውስጥ ያለው ጅማት ኮላጅን ከሚባል ነገር ነው የሚሠራው፣ አካል ሲያረጅ የኮላጅኑ ክሮች እርስ በርስ እየተቆላለፉ ይደርቃሉ፣ ቆዳችን የሚጨማደደው፣ መገጣጠሚያችን ጠዋት ጠዋት እምቢ የሚለውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ ከጅራቷ ቀጭን ክር ጅማት ይወሰድና ዩሪያ በተበጠበጠበት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ክብደት ተንጠልጥሎበት ይቀመጣል፣ ከዛ ሰዓት ይዞ መጠበቅ ነው። የወጣቷ ጅማት ቶሎ ይበጠሳል፣ የአሮጊቷ ስለተቆላለፈ ቆይቶ ነው የሚበጠሰው። እድሜያቸው እኩል የሆኑትን ስታወዳድሩ የደሴቷ ጅማት የወጣት ጅማት ሆኖ ተገኘ። ይሄን አዳኝ መኖርና አለመኖሩ ብቻ አያስረዳውም፣ እንስሳቷ ራሷ ከውስጥ ቀስ ብላ ነው የምታረጀው።

አንድ ደሴትና አንድ ጫካ ማወዳደር በቂ ነው ወይ ብትሉኝ በቂ አይደለም። ደሞ ሁልጊዜም እንደዚህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ አዳኝ ደካማውንና ዘገምተኛውን መርጦ የሚበላ ከሆነ ጠንካሮቹ ናቸው የሚተርፉት፣ ያኔ አዳኝ መብዛቱ እርጅናን የሚያዘገይበት ሁኔታ አለ፣ ትሪኒዳድ ውስጥ ጋፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦችም አዳኝ በበዛበት ቀስ ብለው ሲያረጁ ታይቷል። ስለዚህ ዋናው ምን ያህል ሞት አለ ብቻ ሳይሆን ማንን ነው የሚገድለው የሚለውም ነው፣ በረሃብ የሚሞት፣ በብርድ የሚሞት፣ በበሽታ የሚሞት ሁሉ የየራሱን አሻራ ይተዋል። ስኮትላንድ አጠገብ ረም በምትባል ደሴት የሚኖሩ ቀይ አጋዘኖችን ተመራማሪዎች አንድ በአንድ በመልክ እየለዩ ለአሥርት ዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋል፣ እዛ ተኩላ የለም፣ ገዳዩ ክረምቱ ነው፣ እንደዛም ሆኖ በወጣትነታቸው ብዙ የወለዱት እንስቶች በኋላ ፈጥነው እንደሚያረጁ ነው ያገኙት። ዊልያምስ ያለው ማለት ነው።

ድሮ «የዱር እንስሳ አያረጅም፣ ከማርጀቱ በፊት ይበላል» የሚል አባባል ነበር፣ መጽሐፍ ላይ ሁሉ ይጻፍ ነበር። በ2013 የወጣ አንድ ሰፊ ዳሰሳ ግን ዱር ውስጥ እርጅና የታየባቸውን 175 የእንስሳት ዓይነቶች ቆጥሯል። ያረጃሉ፣ በደንብ።

የማያረጅ የሚመስለውን ከፈለጋችሁ ወደ አገራችን ነው መምጣት ያለብን። ፍልፈልን ሁላችንም እናውቃለን፣ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ አድፍጦ የሚበላውን። ይሄ ሌላ ነው፣ ቆላ የሚኖር፣ ፀጉር የሌለው፣ የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጪ ያፈነገጡ፣ ራቁት ፍልፈል ልንለው እንችላለን፣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 ነው፣ የመጀመሪያው ናሙና ደግሞ ከሸዋ ነው። መልኩ ለምሥጋና አይበቃም። ግን ክብደቱ ከተራ አይጥ ብዙም ሳይበልጥ፣ አይጧ ሁለት ሦስት ዓመት ኖራ ስትሞት እሱ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። በ2018 ከ3,000 በላይ የሚሆኑ ራቁት ፍልፈሎችን መዝገብ ያገላበጡ ሰዎች ደግሞ ሰው ላይ በየስምንት ዓመቱ ገደማ እጥፍ የሚሆነው የመሞት ዕድል እነሱ ላይ በእድሜ እንደማይጨምር ጻፉ። ለምን ስትሉ እንግዲህ ኑሮው እንደ ድንጋይ የደረቀ መሬት ስር ነው፣ እባብ አልፎ አልፎ ይገባል እንጂ ጉጉት የለ፣ ቀበሮ የለ፣ የምትወልደውም ንግሥቲቱ ብቻ ነች። የሌሊት ወፍም መብረሯ ነው የጠቀማት፣ ሳይቤሪያ ውስጥ 7 ግራም ገደማ የምትመዝን አንዷ ቀለበት ከታሰረላት ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተይዛለች። መሬት ስር የገባና ወደ ሰማይ የወጣ ረጅም ኖረ፣ መሬት ላይ የቀረችው ፖሰም በሁለት ዓመቷ አረጀች።

ኦስታድ በ2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አንድ ውርርድ ገብቷል። 150 ዓመት የሚኖር ሰው አሁን ተወልዷል ብሎ ነው፣ ጄይ ኦልሻንስኪ የሚባለው ሌላው የእርጅና ተመራማሪ ደግሞ አይሆንም አለው፣ እያንዳንዳቸው 150 ዶላር አስቀመጡ፣ ገንዘቡ ኢንቨስት ተደርጎ በ2150 ያሸነፈው ሰው ዘሮች ይወስዱታል፣ በኋላም እያንዳንዳቸው ሌላ 150 ጨምረውበታል። እኔ ብወራረድ ከኦልሻንስኪ ጋር ነው የምወራረደው። ኦስታድ የሚያስበው መድኃኒት ነው፣ ሳይንሱም እየሮጠ ነው፣ አልክድም፣ ግን ራሱ ሳፔሎ ላይ ያሳየን ነገር ጥገናው በአንድ ጂን ወይም በአንድ ብልት ያልተያዘ፣ ዓይኑም ጅማቱም ማሕፀኑም አብሮ የተቃኘ መሆኑን ነው፣ ያንን ቅኝት ትንሽ ለማላላት እንኳን አራት አምስት ሺህ ዓመት ፈጅቷል፣ ያውም የተገኘው 25 ፐርሰንት ነው።