ዲፈረንሻሌን ያሰነፈው አንድ ጠርሙስ

አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የዲፈረንሻል ዘይት ባልቀየርኩ ነበር።

መኪናዬ በኋላ ጎማ የምትነዳ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ናት። ዲፈረንሻሏ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለው ነው፤ ውስጡ እንደ ፍሪሲዮን የተደራረቡ ቀጫጭን ዲስኮች አሉት። አንዱ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ዲስኮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ጉልበቱ ለሌላውም እንዲደርስ ያደርጋሉ። ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ክፍት ዲፈረንሻል፣ ማለትም እነዚህ ዲስኮች የሌሉት፣ የሰበቃ ማስተካከያ የሚባለውን ዲስኮቹን የሚያለሰልስ ፈሳሽ አይፈልግም፤ በጥርስ ብቻ የሚሠራው ቶርሰንም እንደዚያው። ለመለየት የፊት ጎማዎቹን በታኮ አስይዛችሁ የኋላዎቹን አንሡ፤ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ካምቢዮውን ነጻ አድርጉ፣ አንዱን ጎማ በእጃችሁ አዙሩ። ሌላው ወደዚያው አቅጣጫ ከተከተለ ዲስክ ያለው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ከዞረ ክፍት ነው፣ ወይም ቶርሰን፣ ወይም ደግሞ ዲስኮቹ አልቀዋል።

የዘይቱ ምርጫ ራሱ ከባድ አልነበረም። መመሪያው 75ደብልዩ-90፣ ጂኤል-5 ይላል፤ የመጀመሪያው የዘይቱ ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው ጥርሶቹን የሚጠብቅበት ደረጃ። ጂኤል-5 የሚያስፈልገው ትንሹ ጥርስ ከትልቁ መሃል ዝቅ ብሎ ስለሚገጥም ነው፤ ጥርሶቹ በከፍተኛ ጫና እየተጫኑ ጎን ለጎን ይንሸራተታሉ፤ ተራ ዘይት ከመሃላቸው ተገፍቶ ይወጣል። ብረቱን የሚያድነው በዘይቱ ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ውህድ ነው፤ ያ ከእጅ አልለቅ የሚል ሽታም ከድኙ የመጣ ነው። ይህንኑ ዘይት ጂኤል-4 ወደሚጠይቅ ካምቢዮ እንዳትጨምሩት፤ በውስጡ ያሉትን የነሐስ ክፍሎች ሊበላ ይችላል።

ብዙዎች «ለስፖርት መኪና 140 ይሻላል» ይላሉ። አልስማማም። የማርሽ ዘይት ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር በተለየ መለኪያ ነው የሚሰፈረው፤ 90 የተባለው በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙም አይወፍርም። 140 ግን በእርግጥ ወፍራም ነው። በውድድር ሜዳ ዘይቱን ለሚያፈላ ሰው ይጠቅመዋል፤ በመንገድ ላይ ለሚነዳ ጉልበት ከመብላት በቀር የሚሰጠው የለም።

ቅየራው ቀላል ነው፦ ጥቂት ነድታችሁ አሙቁት፣ መኪናውን ለጥ ባለ ቦታ አቁሙ፣ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፣ ሮንዴላውን ቀይሩ፣ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪንጠባጠብ ሙሉ። የመሙያው ቡሎን እንቢ ቢል የታችኛውን አትንኩት፤ ባዶ ዲፈረንሻል ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገር የተበላሸው። ወጥቼ ገና መጀመሪያው ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከኋላ ግር፣ ግር የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መቀመጫዬ ድረስ ይነዝረኛል። ደነገጥኩ። በቀጥታ ዘይቱን ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። የዘይቱን ጠርሙስ እንኳ አላየም። «ወንድሜ፣ ማስተካከያ ስላልጨመርክ ነው፤ ሙሉውን ጨምረው፣ ቢበዛ አይጎዳም» አለኝ። የማስተካከያው ጠርሙስም ሙሉውን ጨምሩ ይላል። ጨመርኩት። ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ደስታዬ የቆየው ዝናብ እስኪጥል ነው። ከመታጠፊያ ስወጣ ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። በነጋታው በደረቅ አስፋልት ሞከርኩና ወርጄ መንገዱን አየሁ፦ ቀድሞ ሁለት ጥቁር መስመር ይቀር ከነበረበት ቦታ አንድ ብቻ አለ፤ የውስጠኛው ጎማ ነው። አንድ ጋራዥማ እሺ ስላላልኩት ነው እንጂ ዲፈረንሻሉን ፈትቶ ዲስክ ሊቀይር ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በፊት ምን እንደጨመርኩ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ማታ የዘይቱን ባዶ ጠርሙስ አንሥቼ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። ለሊሚትድ ስሊፕ የተዘጋጀ፣ ማስተካከያው አስቀድሞ የገባበት ነበር። ዲስኮቹ እርስ በርስ መያዝ አለባቸው፤ እኔ ግን በእጥፍ አለስልሼ እንዲንሸራተቱ አደረግኳቸው። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ንባብ ነበር፤ አላነበብኩትም፤ ይቆጨኛል።

ዘይቱን ደፍቼ ያንኑ ዓይነት ንጹሕ ዘይት ሞላሁ፤ ያለ ማስተካከያ። በዲስኮቹ መካከል የቀረው በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ ከሳምንት በኋላ ደግሜ ቀየርኩ። በዚህኛው ጊዜ ባዶ ሜዳ ፈልጌ መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ በዝግታ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ነዳሁ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያው ግርግርታ ነበር፤ በሰባተኛው ቀነሰ፤ በአሥረኛው ጠፋ። አዲስ ዘይት ዲስኮቹ መካከል እስኪገባ እንዲህ ማድረጉ የተለመደ ነው። ያን ቀን የሚያስፈልገኝ አሥር ዙር ብቻ ነበር።

መመሪያው ይህ ዘይት ለመኪናው ዕድሜ ልክ ይበቃል ማለቱንም አልቀበልም። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት አለው፤ በመጀመሪያው ቅየራ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ የብረት ደቃቅ ጥፍር በሚያህል ውፍረት ተለጥፎበት ነበር። ደቃቁ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ካገኛችሁ ግን ያኔ ይፈታ።

ስምንት ቁጥር ሃያ ጊዜ ሠርታችሁ ድምፁ ካልጠፋ፣ ዘይቱም ማስተካከያ የሌለበት መሆኑን ካነበባችሁ፣ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ጨምሩ፤ አንድ ቀን ንዱ፤ አድምጡ። የጠርሙሱን ትእዛዝ ተዉት።