ኦሲቲንና አይቨስን ማስታረቅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የአንድ የልብ ደም ቅዳን የአልትራሳውንድና የብርሃን ምስሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አጣጥሜ ጨረስኩ! ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

መግቢያውን ታውቁታላችሁ፤ አይቨስና ኦሲቲ ደም ቅዳው ውስጥ ገብተው ግድግዳውን ከውስጥ በምስል የሚያነሱ ዘዴዎች ናቸው። አይቨስ በአልትራሳውንድ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ጠልቆ የግድግዳውን የውጭ ድንበር ያሳያል፤ ግን ብዥ ይላል። ኦሲቲ በብርሃን ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ድረስ ይለያል፤ ግን 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ላይ አቅሙ ያልቃል። ደሙ በኮንትራስት (ደም ቅዳው ውስጥ በሚረጭ ፈሳሽ) ካልታጠበለትም ግድግዳውን አያሳይም። ከ65 ማይክሮሜትር በታች የሳሳውን የፕላክ (ግድግዳው ውስጥ የተጠራቀመ የስብና የካልሲየም ክምችት) ሽፋን ለማየት ኦሲቲ፣ ከጀርባው ያለውን ግዝፈት ለመለካት አይቨስ።

ያስለቀሰኝ ማጣጣሙ ነው። ምስል የሚያነሱት ሁለቱ ካቴተሮች (ቀጫጭን ቱቦዎች) የሚገቡት በየተራ ነው፤ የሚቀርጹትም ወደ ኋላ እየተጎተቱ ነው። 50 ሚሊሜትር ለመሸፈን አይቨስ በሰከንድ 0.5 ሚሊሜትር ሲጎተት 100 ሰከንድ ይፈጃል። ኦሲቲ በሰከንድ 20 ሚሊሜትር ሲጎተት ግን 2.5 ሰከንድ ይበቃዋል። አይቨሱ እስኪያልቅ ልብ መቶ ጊዜ ገደማ ይመታል፤ በየምቱ ካቴተሩ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ ርዝመቱን በሒሳብ አካፍሎ ፍሬም ለፍሬም (ምስል ለምስል) ማዛመድ አያዋጣም።

ለእኔ የሠራው ቅርንጫፎቹን መያዝ ነው። ቅርንጫፍ የሚነሳበትን ፍሬም ሁለቱም ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ያለውን ለብቻው አስረዝማለሁ ወይም አሳጥራለሁ። ከዚያ የሁለቱ ምስሎች አቅጣጫ እንዲገጥም ማዞሩ ይቀራል። እዚህ ላይ «ጋይድዋየሩን (ካቴተሩን የሚመራውን ቀጭን ሽቦ) መነሻ አድርጉ» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሽቦው ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ቦታውን ይቀይራል። እኔ የማምነው ካልሲየምን ነው። አይቨስ ላይ ነጭ ቅስት ሆኖ ከኋላው ጥላ ይጥላል፤ ኦሲቲ ላይ ጠርዙ ጥርት ያለ ጠቆር ያለ ቦታ ነው። የደም ቅዳውን የውስጥ ስፋት ግን እኩል ለማድረግ አትታገሉ። ኦሲቲ ላይ ጠበብ ብሎ ነው የሚወጣው።

እንደ ኮናቪ ኩባንያው ኖቫሳይት ሃይብሪድ ሁለቱንም በአንድ ካቴተር የያዙ መሣሪያዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላሉ። ቢሆንም ጀማሪ መጀመሪያ በእጁ ይልፋበት ባይ ነኝ። ዓይን የሚከፈተው እዚያ ነው።

የፕላኩ ስብ ግን እስካሁን አልተገራልኝም። ኦሲቲ ላይ ብርሃኑን ውጦ ከኋላው ያጨልማል። ማክሮፋጅ (የሰውነት መከላከያ ሴል) የተከማቸበትም ቦታ እንዲሁ ያደርጋል። የምትለዩበት ዘዴ ያላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።