የሱሉልታው ዳኛ

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ ወደ ሱሉልታ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ እዚያ ቤዝቦል ይጫወታል፤ «አጎቴ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተህ እየኝ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሜዳው ስንወርድ ብርዱ በመስኮት ገባ። በመንገዱ ዳር ሯጮች በሰልፍ ይሮጣሉ፤ ከነሱ ወዲያ የድርቆሽ ክምር ነው።

ልጆቹ የሚጫወቱት ከብት የሚግጥበት መስክ ላይ ነው። መቺው የሚቆምበት ሳጥን በኖራ ተሰምሯል፤ ወርዱ 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.80 ገደማ። ዳኛው ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው፣ ጨዋታውን የተማሩት እዚያው የወጣቶች ደሴት ላይ ነው።

በሁለተኛው ዙር አንደኛ ቤዝ (ሯጭ የሚያርፍበት ማረፊያ) ላይ የነበረው ልጅ ወደ ሁለተኛው ፈተለከ። የእህቴ ልጅ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚይዘው ተቀባይ ነውና ኳሷን ይዞ ለመወርወር ብድግ አለ። መቺው ግን ዱላውን በኃይል ወንጭፎ ስቶ ነበር፤ ክብደቱ ጎትቶት ከሳጥኑ ወጣና ፊቱ ተደቀነ። ኳሷ ከሁለተኛው ቤዝ አልፋ ሣር ውስጥ ገባች። የሯጩ ቡድን ሲጨፍር ጋሼ ያመነቱ መስለው ጥቂት ቆዩና ሁለት እጃቸውን አነሡ። መቺው አውት (ወጣ)፣ ሯጩም ወደ አንደኛ ቤዝ ተመለስ!

«ጋሼ፣ ሆን ብዬ እኮ አይደለም! ዱላው ነው የጎተተኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። እግርህ የት ነው ያረፈው?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። የጫማው ሶል ኖራ ነክቶታል፤ ዱካው ከመስመሩ ውጭ ነው።

እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላው። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ነው ያደግነው፤ ሳያስበው የመታህን ይቅር ትለዋለህ። እረፍት ላይ ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። ወተታቸውን እየጠጡ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሕጉ የመቺውን ልብ አይመረምርም። ከሳጥኑ ወጥቶ ወይም ሌላ እንቅስቃሴ አድርጎ ተቀባዩን ካደናቀፈ በቃ። ሳጥኑ ውስጥ መሆንም ብቻውን መከለያ አይሆንም፤ ግን ዝም ብሎ የቆመን መቺ «ለምን አልተሰወርክም» የሚለው የለም።

ለካ እኔ ማመንታት የመሰለኝም ሥራቸው ኖሯል። ጥፋቱን በጣታቸው ይጠቁሙና የኳሷን መጨረሻ ይጠብቃሉ። ተቀባዩ በዚያችው ውርወራ ሯጩን ቢያስወጣው ኖሮ ጥፋቱ ይተው ነበር፤ የሚወጣው ሯጩ፣ መቺው ግን መምታቱን ይቀጥላል። መቺው በሦስተኛ ስትራይክ (ኳስ ሲስት የሚቆጠርበት ምልክት) ወጥቶ ሳለ ካደናቀፈ ደግሞ ዕዳው በሯጩ ላይ ይወድቃል፤ አንዴ የወጣን ሰው ሁለቴ አታስወጣውም። ስቶ ሲያበቃ ወደ ኋላ የዞረው ዱላ ሳያስበው ተቀባዩን ቢነካው ግን ስትራይክ ብቻ ነው፤ ኳሷ ትሞታለች (ጨዋታው ለአፍታ ይቆማል)፣ ሯጭም አይራመድም። ይህን የመሰለ ስሌት በአንድ ትንፋሽ ውስጥ የሚሠራ ሰው አከብራለሁ።

ስለ 1975 ጥቅምት 14ም (በፈረንጆች) አነሡልኝ። ሲንሲናቲ፣ የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) ሦስተኛ ጨዋታ፣ አሥረኛ ዙር፣ 5 ለ 5። የሲንሲናቲው መቺ ኤድ አርምብሪስተር ዱላውን ሳይወነጭፍ ኳሷን ብቻ አስነክቶ ለቀቃት። ሊያነሣት የወጣው የቦስተኑ ተቀባይ ካርልተን ፊስክ ከሱ ጋር ተጋጨ፤ ወደ ሁለተኛ ቤዝ የወረወራትም ኳስ አመለጠች። ዳኛው ላሪ ባርኔት ጥፋት የለም አሉ። ጆ ሞርጋን መታና ሲንሲናቲ 6 ለ 5 አሸነፈ። ጋሼ ለባርኔት ያደላሉ። ኳሷ ስለተመታች ጉዳዩ ሌላ አንቀጽ ነው፤ የዛሬው የሕግ መጽሐፍም ተቀባዩና ወደ አንደኛ ቤዝ የሚሮጠው መቺ ቢነካኩ በአብዛኛው ጥፋት እንደሌለ ይላል። እኔ ግን ከፊስክ ጋር ነኝ። አርምብሪስተር አንድ አፍታ ቆሟል፤ ወደ ቤዙ የሚሄድ ሰው ለምን ይቆማል?

በመጨረሻው ዙር ያው መቺ ተመልሶ መጣ፣ አንደኛ ቤዝም ላይ ሯጭ ነበር። ወነጨፈ፣ ሳተ፤ በዚህ ጊዜ ግን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ በጉልበቱ ሸብረክ አለ። የእህቴ ልጅ ወረወረ፣ ሯጩ ቀድሞ ደረሰ። ልጁ ዞር ብሎ ጋሼን አያቸው። ጣታቸው አልተነሣም።

ስንመለስ የእህቴ ልጅ ሚኒባሱ ዳገቱን እስኪጨርስ ድረስ አልተናገረም። አዲሱ ገበያ ልንወርድ ስንል፣ «ከፍ አድርጌ ነው የወረወርኳት» አለኝ።