ተንሳፋፊው የሚከተለው ውሃውን ነው ወይስ ነፋሱን? የአራተኛ ወር ማስታወሻ

የውቅያኖስ ጅረቶችን በተንሳፋፊ ዕቃዎች ጉዞ ማጥናት ከጀመርኩ እነሆ አራተኛ ወሬ ነው። ወደዚህ ትምህርት የሳበኝ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1992 ከሆንግ ኮንግ ወደ አሜሪካዋ ታኮማ ይጓዝ ከነበረ መርከብ 12 ኮንቴይነሮች በማዕበል ወደ ሰሜን ፓስፊክ ወድቀው፣ ከአንዱ ውስጥ 28,800 የሕፃናት መታጠቢያ አሻንጉሊቶች የተበተኑበት ታሪክ ነው። ቢጫዎቹ ዳክዬዎችና ባልንጀሮቻቸው ከአሥር ወር በኋላ አላስካ ውስጥ በሲትካ ዳርቻ መታየት ጀመሩ፤ የወደቁበት ቦታና ቀን በትክክል ይታወቅ ስለነበር የውቅያኖስ ተመራማሪዎቹ ከርቲስ ኤብስሜየርና ጄምስ ኢንግራሃም የጅረት ስሌታቸውን ፈተኑባቸው።

በዚህ ወር የሠራሁት በሶማሊያ ጅረት ላይ ነው። በእኛ ክረምት የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሲበረታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚገሰግሰው ይህ ጅረት፣ በበጋ ነፋሱ ሲገለበጥ እሱም ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዞራል። መረጃውን የወሰድኩት ከዓለም አቀፉ የተንሳፋፊ መሣሪያዎች ፕሮግራም ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች ኳስ መሰል አካል ከላይ ሆኖ ያለበትን ቦታ በሳተላይት ያስተላልፋል፤ ከሥሩ 15 ሜትር ጥልቀት ላይ የተንጠለጠለው፣ ጎኑ የተበሳሳ ረጅም የጨርቅ ቱቦ ደግሞ ውሃው በሄደበት ይስበዋል።

በካርታዬ ላይ ጥቂት መሣሪያዎች በአካባቢያቸው ካሉት እጅግ ፈጥነው ሲጓዙ ስላየሁ፣ ብርቱ ጅረት ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ደከምኩበት። በኋላ አብሮ የሚመጣውን መግለጫ መስመር በመስመር ሳነብ፣ ቱቦው ተበጥሶ የወደቀበት ቀን ለእያንዳንዱ መሣሪያ ተመዝግቦ አገኘሁ። የእኔ ፈጣኖች ሁሉ ቱቦ የሌላቸው ነበሩ። በሴኮንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ፣ ቱቦ ያለው መሣሪያ ከውሃው የሚያፈነግጠው በሴኮንድ ከ1 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ሲሆን፣ ቱቦ የሌለው ግን 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንሸራተታል።

ይህን በዓይኔ ለማየት ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ከአንድ ጀልባ ጎን በአንድ ጊዜ ለቀቅኩ። አንደኛው ባዶ ነበር፤ ሁለተኛውን ክዳኑ ብቻ እስኪታይ ድረስ በውሃ ሞላሁት። ባዶው ሆዱን ለነፋስ ሰጥቶ እየተንከባለለ ሲርቅ፣ የተሞላው ከተለቀቀበት ብዙም ሳይርቅ ቀስ እያለ ቆየ። ጀልባ ቀዛፊው ሁለቱንም ሰብስቦ መለሰልኝ። እነዚያ ዳክዬዎችም ከውሃው በላይ ከፍ ብለው ስለሚንሳፈፉ፣ ጉዟቸው የጅረትና የነፋስ ድምር መሆኑ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን መረጃውን ቱቦ ባላቸውና በሌላቸው ለይቼ ጨርሻለሁ። የሐምሌንና የጥርን ካርታ ቱቦ ካላቸው ብቻ እየሣልኩ ነው፤ በሐምሌው ላይ ከሶማሊያ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ የሚታጠፉት መስመሮች ከወዲሁ ጥርት ብለው ይታያሉ።